ተሳቢው ሲንኳኳ፦ ከድምፁ እስከ ጥገናው

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲና መተሐራ ተሳቢ ይዞ የሚወርድ ሹፌር የድምፁን ቦታ ከጋቢና ሆኖ ቢገምት ብዙ ጊዜ ይስታል። ሻንሲው ድምፅ ያስተላልፋል፤ መኪናውን ከተሳቢው የሚያገናኘው መያዣ ችግር ከባሌስትራ፣ የጎማው ችግር ከመያዣው የመጣ ይመስላል። ስለዚህ «ከየት?» ከማለት በፊት «መቼ?» ማለት ይሻላል።

ሲነሳም ሲቆምም የሚንኳኳ ከሆነ

የሆነ ቦታ ክፍተት አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ የተሳቢው ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ሹፌሩ በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ሲል ረዳቱ ከጎን ሆኖ ይመልከት፤ በመኪናውና በተሳቢው መካከል ግን ፈጽሞ አይቁም። የመያዣው ፒን በተሳቢው መጎተቻ ጫፍ ባለው ቀለበት ውስጥ ከተመላለሰ ያለቀው ፒኑ ወይም የቀለበቱ ቦኮላ (የቀለበቱ የውስጥ ሽፋን) ነው። መያዣው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ ከተንሸራተተ ግን ላስቲኩ ተበልቷል ወይም ከኋላ የሚይዘው ዳዶ ላልቷል፤ በዚህ ሁኔታ ጉዞ መቀጠል አይገባም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ መያዣውን ከሻንሲው ጋር ያሰሩት ብሎኖች በባትሪ ይታዩ። በብሎኑ ራስ ዙሪያ በርበሬ የመሰለ ደቃቅ ቀይ ዱቄት ካለ፣ ብሎኑ የጠበቀ ቢመስልም ብረቱ እየተፋጨ ነው። ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማጥበቅ ብሎኑን ይለጥጠዋል እንጂ አያድነውም። በአዲስ ተቀይሮ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠበቅ፤ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላም እንደገና ይፈተሽ።

ስለ ፒንና ቦኮላ በዓይን መፍረድ አይቻልም፤ በካሊፐር ይለካ። ባለ 40 ሚሊ ሜትር ቦኮላ 41.5 ከደረሰ ይቀየራል። በከፊል ተሳቢ ላይ ያለው ባለ 50.8 ሚሊ ሜትር ኪንግ ፒን (ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ፒን) ደግሞ 49 ላይ ሲደርስ አገልግሎቱ አብቅቷል። ያለቀን ፒን በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ መመለስ ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል፤ እኔ ግን አልመክርም። ፒኑ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ ብየዳው ጥንካሬውን ያበላሸዋል፣ ስንጥቁም ከላይ አይታይም።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመታ ከሆነ

ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ቦኮላ ይቀየራል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይመለሳል። ጥፋተኛው የተሳቢው ፍሬን ነው፤ ዘግይቶ ወይም ደክሞ ስለሚይዝ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። ከቁልቁለት በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ ታምቡሮቹ አስጠግቶ ማነጻጸር ነው፤ የመኪናው ሲያቃጥል የተሳቢው ለብ ብቻ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። የአየር ቱቦው ፍሳሽ፣ የፍሬን ሸራውና ማስተካከያው ይታዩ። መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ከዚያ ቦኮላው።

ሲታጠፍ የሚያቃስት ከሆነ

መያዣው ግራሶ አጥቶ ደርቋል። ነገር ግን በአሮጌው ላይ አዲስ ግራሶ መደረብ ይጎዳል፤ የአዳማ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ብረት ይሞርዳል። አሮጌው ተጠርጎ፣ በናፍጣ ታጥቦና ደርቆ፣ አዲሱ ይቀባ። ግራሶ ድምፁን ዝም ስላሰኘው ልኬቱን መተው ግን አይገባም።

ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉምጉምታ ከሆነ

ይህ የመያዣው ጉዳይ አይደለም። ጎማው በክሪክ ተነስቶ በእጅ ይሽከርከር፤ ከሻከረ ወይም ከተወዛወዘ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይታይ።