የቆሰለ ቤታ ዓሣን ለማዳን ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለሰሜን ሸዋ ደጋ አሳዳጊዎች

ቤታ ዓሣ ጅራቱ ተቀዶ፣ ቅርፊቱ ተልጦ ወይም ከመስታወቱ (ከዓሣ ማኖሪያው) ዘሎ ወለል ላይ ሲገኝ ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ምን መድኃኒት ልጨምርበት?» ብሎ ነው። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና አንኮበር ላይ ግን የቆሰለ ቤታን ከቁስሉ ቀድሞ የሚገድለው ቀዝቃዛና ያልተዘጋጀ ውሃ ነው። ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ረጋ ያለ ውሃ ዓሣ ነው። ቁስሉ በደንብ የሚጠግገው ውሃው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማሞቂያ የሌለው መስታወት ሊነጋጋ ሲል ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። እንዲህ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ዓሣው መብላት ያቆማል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ የተቀደደው ክንፍም አያድግም። ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ፤ መድኃኒቱ በመጨረሻ የሚመጣ ነገር ነው።

በደረቅ እጅ ወይም በጨርቅ ማንሳት

የዓሣን ገላ የሚሸፍነው የሚያሙለጨልጭ ልሃጭ የመጀመሪያው መከላከያው ነው። ደረቅ እጅ፣ ፎጣና ሶፍት ይህን ልሃጭ ገፈው ያነሡታል፤ ከቁስሉ አጠገብ ያለው ጤነኛ ቆዳም ለባክቴሪያና ለሻጋታ ይጋለጣል። መረብም የራሱ ጣጣ አለው፤ የቤታ ረጅም ክንፍ በመረቡ ቀዳዳ እየተያዘ ይቀደዳል። ዓሣው ውሃ ውስጥ ካለ በኩባያ ከነውሃው ይጭለፉት። ወለል ላይ ከወደቀ እጅዎን በራሱ መስታወት ውሃ አርሰው ከሥሩ ገፋ በማድረግ ኩባያ ውስጥ ያስገቡት። አቧራና ፀጉር ቢለጠፍበት አይጥረጉት፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ አብዛኛው በራሱ ይለቃል።

የደረቀ የመሰለ ቤታን ቸኩሎ መጣልም ስህተት ነው። ቤታ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ ሌላ ከውሃው ገጽ አየር ስቦ የሚተነፍስበት አካል ስላለው፣ ገላው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ውጭ ከብዙ ዓሦች የበለጠ ይቆያል። በራሱ ውሃ ውስጥ አድርገው 15 ደቂቃ ያህል የስንጥቡን ክዳን ይመልከቱ። ትንሽ እንኳ ከፍ ዝቅ ካለ ሕይወት አለው።

በቀጥታ ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ «ማጠብ»

ንጹሕ ውሃ ለቁስል ጥሩ ነው ከሚል ቅን ሐሳብ የሚመጣ ስህተት ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ስንጥቡን ያቃጥላል፣ ገና የተላጠውንም ቆዳ ይጎዳል። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃም ክዳኑ ተዘግቶ ከቆየ ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ውኃ አጋር የተጨመረበት የመጠጥ ውሃ ደግሞ የተጨመረበት ያው ክሎሪን ነው፤ ለሰው ደኅና ነው ማለት ለዓሣ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ጊዜ ካለ ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍት አድርገው 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ አልፎ አልፎም ያማስሉት። ለአኳሪየም የሚሸጠው የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካለ በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ይጨርሳል። ከሌለና ከቸኮሉ ውሃውን 20 ደቂቃ ያፍሉት። ሲፈላ ክሎሪኑ ይወጣል፤ የሟሟው ኦክስጅንም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ከበረደ በኋላ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው አሥር ጊዜ ያህል ያገላብጡት።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ዓሣውን የት ያቆዩታል? የነበረበት ውሃ ካልገማና ካልደፈረሰ ከዚያው ቀድተው በትንሽ ዕቃ ያቆዩት። የለመደው ውሃ ከማያውቀው «ንጹሕ» ውሃ ይሻለዋል።

በደጋ ቤት ያደረ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣው ሳይገባበት መሞቅ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 14 ዲግሪ በሆነ 4 ሊትር ውሃ ላይ ሦስት አራተኛ ሊትር የፈላ ውሃ ቢጨምሩ 26 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። የፈላው ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ከቀላቀሉ በኋላ አማስለው ይለኩ። ዓሣው ባለበት ዕቃ ላይ ሙቅ ውሃ በፍጹም አያፍስሱ፤ ጅረቱ ሳይቀላቀል ካገኘው ይቀቅለዋል።

የበረደውን ዓሣ ባንድ ጊዜ ማሞቅ

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ውሃው 16 ዲግሪ ደርሶ ቢያገኙትና ዓሣውን አንሥተው 27 ዲግሪ ውስጥ ቢከቱት፣ ከቁስሉ የባሰ ድንጋጤ ይጨምሩበታል። በሰዓት ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይበል። ከ16 ወደ 26 ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ማሞቂያ በማይኖርበት ሰዓት እንዲህ ያድርጉ። ዓሣው ያለበትን 4 ወይም 5 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡ። በሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ለእጅ የሚቻል ሙቅ ውሃ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ገደማ፣ ሞልተው ከዕቃው ውጭ ግራና ቀኝ ያቁሙ። ከዚያ ሁሉንም በባና ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ። ከላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ይተዉ። ጠርሙሶቹን በየሰዓቱ ይፈትሹ፤ ሲቀዘቅዙ ይቀይሩ። ጠርሙስ ውሃው ውስጥ መክተት ግን ዓሣውን ሊያቃጥለው ስለሚችል አይመከርም።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ውሃው ጎድሎ የመስታወት ማሞቂያው ከውሃ ውጭ ከቀረ ይግልና ይሰነጠቃል። መብራት ሲጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ሲመለስም መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መሆኑን አይተው ይሰኩት።

ክፍሉን በከሰል ማሞቅ

በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚጨስ ከሰል ለሰው ገዳይ ነው፤ ይህ ብቻ ሊበቃ ይገባ ነበር። ቤታ ደግሞ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ስለሚስብ ጢሱን በቀጥታ ይወስደዋል። የዕጣን ጢስ፣ የበረሮ መርጫና ሽቶም በዚያው ክፍል አይኑር። የላይኛው አየር ቀዝቃዛ ሲሆንም ቤታ ይጎዳል። ስለዚህ ዕቃውን ይክደኑት፤ በክዳኑና በውሃው መካከል ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር አየር ይኑር።

ጥልቀቱም ይታሰብበት። ክንፉ የተቀደደ ዓሣ አየር ለመሳብ 30 ሳንቲሜትር መዋኘት ይደክመዋል፤ ውሃው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይሁን።

ጨው በእፍኝ መጨመር

ጨው ለቆሰለ ዓሣ ይረዳል፤ ምክንያቱን ማወቅ መጠኑን ለመጠበቅ ያግዛል። የዓሣ ገላ ከውሃው የበለጠ ጨው አለው። ቆዳው ሲከፈት ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጨው ደግሞ ይወጣል፤ ዓሣውም ይህን ለማስተካከል ጉልበቱን ይጨርሳል። ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ሲጨመር ሸክሙ ይቀልለታል። ጨው ቁስሉ ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ሁሉ ይገድላል ብሎ መጨመር ግን ወደ ከመጠን ያለፈ ጨው ይወስዳል።

የሻይ ማንኪያ ለጥ ብሎ የተሞላ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው። ይህን ለ5 ሊትር ቢያደርጉት በሊትር ከ1 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ለተቀደደ ክንፍ ይበቃል። ቁስሉ የተከፈተ ከሆነ እስከ 2 ግራም በሊትር መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ አይለፉ። በኩባያ ውሃ አሟሙተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ቦታ ከፍለው ይጨምሩ። ያልሟሟ የጨው ቅንጣት ዓሣው ላይ ካረፈ ያቃጥለዋል።

አዮዲን ያለበት የገበታ ጨው በዚህ መጠን አይጎዳም። አሞሌና ያልታጠበ ድፍን ጨው ግን አፈርና ሌላ ማዕድን ስለሚኖርበት ይቅር። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ውሃ ሲተን ጨው አይተንም። የጎደለውን በጨው ውሃ እየሞሉ ከሄዱ ዓሣው በሳምንት ውስጥ ከታሰበው በላይ ጨው ውስጥ ይገኛል። የተነነውን በንጹሕ ውሃ ይተኩ፤ ጨው የሚጨምሩት ቀድተው ለደፉት ውሃ ብቻ ነው። ከ10 ቀን በላይም አይቆይ።

የሰውና የበግ መድኃኒት

ቴትራሳይክሊን ከፍቶ መነስነስ የተለመደ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም በበዛበት ውሃ መድኃኒቱ ከእነሱ ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያጣል፤ ብርሃንም ያበላሸዋል። ማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ቆሻሻ የሚያብላሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው የኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ ለበግና ለከብት ክብደት የተዘጋጀ ነው፤ ጥቂት ግራም ብቻ ለሚመዝን ዓሣ በጠብታ መገመት አይቻልም። ጂቪ፣ አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስሉ ላይ መቀባትም ስንጥቡን ሊያጠፋው ይችላል።

ንጹሕ የተቀደደ ክንፍ ሞቃትና ንጹሕ ውሃ ካገኘ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል። መድኃኒት የሚያስፈልገው የክንፉ ጠርዝ በየቀኑ ወደ ገላው እየበላ ሲመጣ፣ ገላው ላይ ቀይ ሰንበር ሲወጣ ወይም ቁስሉ ሲሰፋ ነው። ያኔም ለዓሣ የተሠራውን፣ ዕቃው ውስጥ በእርግጥ ባለው የውሃ ሊትር ልክ ይስጡ።

ማገገሚያ ዕቃውን ውሃ ሳይቀይሩ ማቆየት

ማጣሪያ በሌለው 5 ሊትር ዕቃ ውስጥ ዓሣው ከስንጥቡ የሚያወጣው አሞኒያ በፍጥነት ይከማቻል። አሞኒያው የሚያቃጥለው ቆዳውንም ቁስሉንም ነው። በየቀኑ ግማሹን፣ በተመሳሳይ ሙቀትና በተመሳሳይ የጨው መጠን ይቀይሩ። በእንዶድ፣ በሳሙና ወይም በበረኪና የታጠበ ሳፋ አይጠቀሙ።

እንጀራ፣ ዳቦና አተር

ቤታ ሥጋ በል ነው። እንጀራና ዳቦ ውሃውን ያበላሻሉ እንጂ አይመግቡትም። ሆዱ የተነፋን ቤታ በተቀቀለ አተር ማከምም ለእሱ ሆድ የሚስማማ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይስጡት። ከዚያ 2 ወይም 3 ፍሬ የቤታ ምግብ በቀን ሁለቴ ይበቃል፤ ያልበላውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያውጡ።

ለሕክምና ይዞ አዲስ አበባ መሄድ

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር በሚንቀጠቀጥ ዕቃና በሚለዋወጥ ሙቀት መጓዝ ለደከመ ዓሣ ሌላ ጉዳት ነው። ጥርት ያለ ቪዲዮ፣ የውሃውን ሙቀትና የዕቃውን ሊትር ለሚያውቅ ሰው መላክ ይሻላል።

አዲሱን ክንፍ ሻጋታ ነው ብሎ ማከም

ከአንድ ሳምንት በኋላ ገደማ በተቀደደው ጠርዝ ላይ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ብቅ ይላል። ብዙ ዓሣ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ተደናግጦ መድኃኒት ያበዛል። ያ አዲስ የሚያድግ ክንፍ ነው። ሻጋታ ከሆነ ከጠርዙ ወደ ውጭ የተነፋ፣ ጥጥ የሚመስል፣ ነጭ ወይም ግራጫ ይሆናል። የክንፍ መበስበስ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ይጠቁራል ወይም ይቀላል፤ ክንፉም ያጥራል። በየሁለት ቀኑ ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ ያንሡ። እየረዘመ ከሆነ እጅዎን ይሰብስቡ። ሙሉ ለሙሉ ለማደግ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ይወስዳል፤ ቀለሙም ከድሮው ሊለይ ይችላል።

ዓይን ሲያብጥም እንዲሁ ረጋ ብለው ያስተውሉ። አንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተጋጨ ነው። ሁለቱም ካበጡ ግን ውሃውን ወይም ኢንፌክሽንን ይጠርጥሩ።

የቆሰለበትን ሳያውቁ ወደ ቦታው መመለስ

የፕላስቲክ ተክልና ድንጋይ ላይ አሮጌ ስቶኪንግ ይጎትቱ፤ ክሩ ከተያዘ የቤታ ክንፍም ይያዛል። ያንን ያውጡ። የማጣሪያው መሳቢያ አፍ ላይ ስፖንጅ ያልብሱ። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ ዕቃ አይኖሩም፤ በመስታወት ቢለያዩም ቀኑን ሙሉ ሲተያዩ ራሳቸውን ይጎዳሉ። ማሞቂያውንም ለክፍሉ ቅዝቃዜ ይምረጡ፦ ለ20 ሊትር ውሃ ከክፍሉ 5 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 25 ዋት፣ ለ10 ዲግሪ 50 ዋት፣ ለ15 ዲግሪ 75 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። መሐል ሜዳ ላይ 25 ዋት አይበቃም። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ በበጋ ቀን መስታወቱን ከመስኮት ማራቅና ውሃው ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ መጠበቅ ይቀድማል። በሁለቱም ቦታ ክዳኑ የገመድ መግቢያ ቀዳዳ ካለው በስፖንጅ ይድፈኑት፤ ቤታ የሚዘለው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ነው።