ራውተርን ያለ ዕድሜው የሚገድሉ ስህተቶች

ቤት ውስጥ ዋይፋይ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኔትወርኩ ነው። ቀጥሎ ራውተሩ። ቻርጀሩን የሚጠረጥር ሰው ግን ብዙም የለም። ራውተር ሲሠሩት ለዓመታት እንዲያገለግል ነው። ዕድሜውን የሚያሳጥሩት በአብዛኛው መብራትና ሙቀት ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ በእኛ እጅ ናቸው።

ቻርጀሩን ሳይሞክሩ ራውተሩን መጣል

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። አዳፕተሩ፣ በተለምዶ ቻርጀር የምንለው፣ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12 ወይም 9 ቮልት ያወርዳል። ቀን ከሌት ተሰክቶ ይውላል፣ ያድራል። ውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ዕቃዎች አሉ። በውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሲሞቅ እየቆየ ይደርቃል። ያኔ ቻርጀሩ ጭልጥ ብሎ አይሞትም። ይደክማል።

የደከመ ቻርጀር አታላይ ነው። የራውተሩ መብራቶች በርተው ታያላችሁ፣ ዋይፋዩ ግን የለም። ወይም ሌሊት አንድ ስልክ ሲጠቀም ደህና ይሆንና ማታ ሁሉም ሰው ሲገባ ራሱን እያጠፋ ያበራል። በቴስተር ብትለኩት እንኳ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ራውተሩ ላይ ተሰክቶ ጫና ሲመጣበት ግን ይወርዳል። ሁነኛው ፈተና ቀላል ነው፦ ጎረቤት ተመሳሳይ ቻርጀር ካለ ለአንድ ሰዓት ተውሳችሁ ሞክሩት። ራውተሩ ከተስተካከለ፣ መግዛት ያለባችሁ ቻርጀር ብቻ ነው።

ራውተሩ ራሱ ውስጥም እነዚሁ ካፓሲተሮች አሉ። ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ ቂጣ ተነፍቶ ከታየ ጠጋኝ ይቀይራቸዋል። ዋጋቸው ከራውተሩ ጋር አይወዳደርም። በሚቀየርበት ጊዜ 105 ዲግሪ የሚችለውን እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ፤ 85 የሚለው ቶሎ ይደርቃል።

«ቀዳዳው ከገባ ይሠራል» ብሎ ያገኙትን መሰካት

የዲሽ ሪሲቨር፣ የካሜራና የራውተር ቻርጀሮች ጫፋቸው አንድ ዓይነት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። መግባቱ ግን ምንም ዋስትና የለውም። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልበጥ አድርጋችሁ አንብቡ። መታየት ያለበት «አውትፑት» የሚለው መስመር ነው። ቮልቱ ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት። 9 ቮልት ለሚፈልግ 12 መስጠት ማቃጠል ሊሆን ይችላል፤ 12 ለሚፈልግ 9 መስጠት ደግሞ አንዴ የሚበራ አንዴ የሚጠፋ ራውተር ነው የሚያተርፍላችሁ።

አምፔሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይፈራል። 1 አምፔር ለሚፈልግ ራውተር 2 አምፔር ያለው ቻርጀር ብትሰኩ አይጎዳውም። የሚበቃውን ብቻ ነው የሚወስደው። ችግሩ ሲያንስ ነው። ከጽሑፉ አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች፦ መሐሏ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ግማሽ ክብ፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። የመደመሩ ምልክት ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ አይታችሁ ራውተሩ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያዩ። ከተገለበጠ አትሰኩት።

መብራት ሲሄድ ተሰክቶ መተው

መብራት መጥፋቱ ራውተሩን ያን ያህል አይጎዳውም። የሚጎዳው ሲመጣ ነው። በዚያች ሰዓት የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣዱ፣ የውኃ ፓምፑ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። ቮልቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ መጥቶ በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ቻርጀሩን የሚያደክመው ይህ ድግግሞሽ ነው። ራውተሩ በመነሳት ላይ እያለ ሲቋረጥበት ደግሞ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ መብራት ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩ። ስትነቅሉ ከግድግዳው ይሁን፤ ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ቀጭን ጫፍ በየቀኑ መንቀልና መሰካት ቀዳዳውን ያላላዋል።

መንቀል የሰለቸው ሰው ለራውተር ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ ይግዛ። በቻርጀሩና በራውተሩ መሐል የሚገባ፣ ባትሪ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። ስትገዙ የሚያወጣው ቮልት ከራውተራችሁ ጋር እኩል መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። የፋይበር ኢንተርኔት ያላችሁ ደግሞ ትርፍ አላችሁ፦ የተለመደው የፋይበር መስመር መንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ ስለሌለው፣ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ እናንተ ኢንተርኔት ሊኖራችሁ ይችላል።

ቮልት የሚያስተካክለው ስታቢላይዘርስ? ለፍሪጅ ጥሩ ነው። ለራውተር ብቻ ብሎ መግዛት ግን ብዙም አይታየኝም። አብዛኞቹ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲችሉ ተደርገው ነው የተሠሩት። ይልቅ ምጣድና ካውያ ከሚሰካበት ማከፋፈያ ላይ አውጡት። ሶኬቱ ላልቶ ጭር ጭር የሚል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን አስቀይሩ።

ዳንቴል ማልበስ

ቤታችን ውስጥ ዳንቴል የማይለብስ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ቡፌው፣ ሶፋው... ራውተሩም ተራው ይደርሰዋል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ራውተር ማራገቢያ የለውም፤ የሚተነፍሰው ጎኑና ሆዱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ብዙዎቹ እስከ 40 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ያ የአካባቢው ሙቀት ነው፤ ውስጡ ከዚያ በላይ ይግላል። ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። አፋርና ድሬዳዋ ያላችሁ ይህን ከአዲስ አበባ ሰው በላይ ልብ በሉት።

ሪሲቨር ላይ ደርቦ ማስቀመጥ፣ ፍሪጅ አናት ላይ መጫን፣ ቡፌ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ መተው፣ ሁሉም ያው ነው። ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ጀርባው ላይ ለምስማር የተዘጋጁ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ አሉ፤ ከፍ ማለቱ ለሲግናሉም ይጠቅማል። ሲነካ ለብ ማለቱ ጤና ነው። እጅ ማሳረፍ ካስቸገረ ግን አንድ ነገር አለ። አቧራውን በየተወሰነ ወሩ ነቅላችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አይሆንም።

በክረምት መብረቅ ገመዱን አለመንቀል

በመዳብ የስልክ መስመር ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ሰዎች መብረቅ በሁለት በኩል ይገባባችኋል፦ በመብራቱና በስልክ ገመዱ። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይጀምር፣ ቻርጀሩን ብቻ ነቅሎ መቀመጥ ግማሽ ሥራ ነው። የስልኩንም ንቀሉ።

ብዙም የማይነገረው ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚዘረጋው ገመድ ነው። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት ወይም ወደ ተከራዮች በአየር ላይ የተሳበ የኔትወርክ ገመድ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። ጉዳት ለማድረስ መብረቁ በቀጥታ መምታት አያስፈልገውም። አቅራቢያ ሲወድቅ ረጅሙ ገመድ ውስጥ ቮልት ይፈጠራል፣ ራውተሩ ላይ ያለችውንም ቀዳዳ ያቃጥላል። አንዷ ቀዳዳ ሞታ ሌሎቹ የሚሠሩ ራውተሮች ብዙ ጊዜ ታሪካቸው ይኸው ነው። ያን ገመድም ከራውተሩ ንቀሉት፤ ከቻላችሁ ደግሞ ለጓሮው ቤት በገመድ ፋንታ ሲግናል የሚያሳልፍ ሁለተኛ ዕቃ አድርጉ።

የፋይበሯን ገመድ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ማየት

ቢጫ ወይም ነጭ ሆና የምትገባው ቀጭን ገመድ ውስጧ መስታወት ነው። አጥፋችሁ ከሶፋ ኋላ ከከተታችኋት ብርሃኑ ይፈስሳል፣ ልትሰበርም ትችላለች። ሰፋ ባለ ክብ ጠቅልሏት። አረንጓዴ ጫፏን ያለ ምክንያት አትንቀሉ፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ እንኳ ያበላሻታል። ጫፏን ወደ ዓይናችሁ አቅርባችሁም አትመልከቱ። ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለ የተበላሸው በአብዛኛው መስመሩ ነው፤ ራውተር መቀየር አይፈታውም።

በመርፌ መጫን

ኢንተርኔት ሲዘገይ ጀርባው ላይ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ የሚጫን ሰው በየቤቱ አለ። ያ ማጥፋትና ማብራት አይደለም። ራውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ የመስመሩ መለያ ስምና የይለፍ ቃል ውስጡ ከነበረ እነሱም ይሄዳሉ። ከዚያ ደውላችሁ ተራ መጠበቅ ነው። ማጥፋትና ማብራት ከፈለጋችሁ ከግድግዳው ነቅላችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩት።

ሶፍትዌሩን ማደስም በመብራት መቆራረጥ ሰዓት አይሞከርም። መሐል ላይ ከተቋረጠ ራውተሩ ላይነሳ ይችላል።

ኪስ ዋይፋይን ሌት ተቀን ቻርጅ ላይ መተው

በሲም ካርድ የሚሠራው ባትሪ ያለው ትንሹ ዕቃ ዘላለም ተሰክቶ እንዲኖር አልተሠራም። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲሞቅ ይነፋል። የጀርባ ክዳኑ መግጠም እምቢ ካለ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተንገዳገደ ወዲያው ንቀሉት። ባትሪውን ለመጫን ወይም ለመብሳት አትሞክሩ፤ ሊነድ ይችላል። ለሞዴሉ የሚሆን ባትሪ ከተገኘ ዕቃው ገና ይሠራል።