አጭበርባሪን እንዴት መለየት ይቻላል? ከስልክ መልእክት እስከ ቦታ ሽያጭ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጎረቤቱን ገና በደንብ አያውቀውም። ሁሉም ከየሰፈሩ ተነሥቶ የመጣ ነው። ሱቁ አዲስ፣ ደላላው አዲስ፣ «የሰፈሩ ልጅ ነኝ» የሚለውም ሰው የሚመሰክርለት የለም። በድሮው ሰፈር አንድ ሰው ሲያታልል ወሬው እድሩ ጋ ይደርሳል፤ እዚህ ግን በማግሥቱ ሌላ ብሎክ ሄዶ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ በከተማዋ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ሰውየውን ስለማናውቀው ነገሩን ማጣራት ይኖርብናል።

የማጭበርበሩ ዓይነት ብዙ ነው፤ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። አጭበርባሪ ያጣድፋል፤ ማረጋገጫውንም ራሱ ያቀብላል። መልእክቱን የሚልከው እሱ፣ ደረሰኙን የሚያሳየው እሱ፣ «ደውለው ይጠይቁ» ብሎ ቁጥር የሚሰጠው እሱ፣ «ባለቤቱ ይኸውና» ብሎ ሰው የሚያመጣው እሱ ነው። እርስዎ የሚያጣሩት እሱ ባልሰጠዎት መንገድ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

1. «ብር ገብቷል» የሚል መልእክት ሲመጣ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። አንድ ወጣት ባለ 5 ሊትር ዘይትና አንድ ካርቶን ፓስታ ያስወጣና «እትዬ፣ በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ ስልኩን ያሳያል። ወዲያው የባለሱቋ ስልክ ይጮኻል። መልእክቱ ስሟን ይጠራል፣ የብሩን መጠን፣ የግብይት ቁጥሩን፣ ቀሪ ሒሳቡን ሁሉ ይዟል። እሷ የምታነበው መሐሉን ነው፤ ማየት የነበረባት ግን ከላይ ያለውን የላኪ ቁጥር ነበር።

የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግል ቁጥር የመጣ «የቴሌብር መልእክት» ሐሰት ነው። ቀድሞ ከመጡት የቴሌብር መልእክቶች ሥር ተከትሎ መግባቱንም ይመልከቱ፤ ብቻውን እንደ አዲስ ላኪ ከተቀመጠ ይጠርጥሩ።

ከዚህ የሚበልጠው ማጣሪያ ቀሪ ሒሳቡ ነው። አጭበርባሪው ስምዎን ከሱቁ ላይ አንብቦ፣ ስልክዎንም ከተለጠፈው ወረቀት ወስዶ ይሆናል፤ ሒሳብዎ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ግን አያውቅም። ስለዚህ መልእክቱ ላይ የሚጽፈው ቀሪ ሒሳብ ግምት ነው። መልእክቱን ይተዉትና መተግበሪያውን ከፍተው ወይም *127# ደውለው ሒሳብዎን ይዩ። ብሩ ከሌለ አልገባም ማለት ነው።

ደንበኛው የሚያሳየው ስክሪንሹት ማስረጃ አይሆንም። ስሙም መጠኑም ቀኑም በደቂቃ ውስጥ ይቀየራል፤ ያልተነካ ቢሆን እንኳ የትናንት ሊሆን ይችላል። ለባንክ ዝውውርም እንዲሁ ነው፤ የሚታየው የራስዎ ሒሳብ እንጂ የእሱ ስልክ አይደለም። «ኔትወርክ ስለሌለ ነው የዘገየው» ካለ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እስኪገባ ዕቃውን ያቆዩለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በይሉኝታ ነው። ሰው ፊት «ቆይ ልየው» ማለት ያሳፍራል። አያሳፍርም። እውነተኛ ደንበኛ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል።

2. «በስህተት ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ»

«እናቴ፣ የልጄ መታከሚያ ነበር፣ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ነው» የሚል የሚለምን ድምፅ ይሰማሉ። ከዚያ በፊት «ብር ገብቷል» የሚል መልእክት ደርሶዎታል። አሁንም መጀመሪያ ሒሳብዎን ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ የገባ ነገር የለም፤ የሚመልሱት የራስዎን ብር ነው።

በእርግጥ ገብቶ ከሆነስ? ያኔም ደዋዩ ወደሚሰጥዎ ቁጥር አይላኩ። ብሩ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ወደ ሦስተኛ ሰው ሲያስተላልፉት መንገዱን ያረዝሙለታል። «ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለህ አመልክት፣ እኔም አመለክታለሁ» ብለው ስልኩን ይዝጉ። በባንክ የገባ ከሆነ ወደ ባንኩ ይደውሉ። በእውነት የተሳሳተ ሰው በዚህ መንገድ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ አጭበርባሪው ግን ተመልሶ አይደውልም።

3. ቁጥር የሚጠይቅዎ ሰው

ከባንክ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ መግቢያው ይለያያል። መድረሻው አንድ ነው፦ የሚስጥር ቁጥርዎን ወይም አሁን በመልእክት የገባልዎትን ኮድ ማግኘት። የባንክ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥርዎን አይፈልገውም። ያልቆረጡት ሎተሪም አይደርስዎትም። ስልኩን ዘግተው በራስዎ በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951።

በቴሌግራም የሚመጣው የበለጠ ያታልላል፤ ምክንያቱም የሚጽፍልዎት የሚያውቁት ሰው ነው። «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ»። ሊንኩ ስልክ ቁጥርዎን፣ ቀጥሎም ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ሲያስገቡ አካውንትዎ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ በእርስዎ ስም «እስከ ነገ 5,000 ብር አበድሩኝ» የሚል መልእክት ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይላካል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ዛሬውኑ ያድርጉት፦ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ገብተው የይለፍ ቃል ያስቀምጡ። ዲቫይስስ በሚለው ሥር ደግሞ የማያውቁት ስልክ ካለ ያስወጡት። ወዳጅዎ ብር ከጠየቀዎት በመደበኛ ስልኩ ደውለው ድምፁን ይስሙ።

አንዳንዱ ደዋይ ኮድ አይጠይቅም፤ «ኔትወርክዎን እናስተካክል» ብሎ በ*21* የሚጀምር ቁጥር ያስደውላል። ይህ ለእርስዎ የሚመጣውን ጥሪ ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ጥሪዎ መዞር አለመዞሩን *#21# ደውለው ያያሉ፣ ##21# ደውለው ያጠፉታል።

«ለ10 ሰው ከላካችሁ ነፃ ኢንተርኔት ታገኛላችሁ» የሚለውን አይላኩት። እንዲህ ያለ ስጦታ የለም።

4. ቦታና ቤት

ከሁሉ የከፋው ጉዳት እዚህ ነው፤ ቤተሰብ የዓመታት ዕቁቡን በአንድ ቀን ያጣል። የከተማዋ ዳርቻ ዋና ገበያም ይህ ነው፤ ከገላን እስከ ለገጣፎ፣ ከሰበታ እስከ ቡራዩ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ባዶ ቦታ «በመንደር ውል» የሚሸጥልዎት ሰው የሚሰጥዎ ወረቀት፣ አሥር ሽማግሌ ቢፈርምበትም፣ ባለመብት አያደርግዎትም። ያው ቦታ ለሌላ ሁለት ሰው ተሽጦ ሊሆን ይችላል። ቤት ሲሆን ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። የካርታውን ዋና ቅጂ ይዩና ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ ቦታው የሚገኝበት ክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት የሚጣራበትን መንገድ ይጠይቁ። ደላላው «ቢሮ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ» ብሎ ካፌ ውስጥ «ኃላፊ» ቢያስተዋውቅዎት ቡናውን ጠጥተው ይሂዱ፤ ያ ማጣራት አይባልም። ሻጩ በውክልና የመጣ ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑን፣ አለመሻሩንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ስለዚህ ወካዩን ራሱን ማግኘት ይጠይቁ።

ሌላ ቀን፣ ደላላው በሌለበት፣ ወደ ቦታው ተመልሰው ይሂዱ። አጥር የሚጋሩትን ጎረቤት፣ ዘበኛውን፣ ፊት ለፊት ያለችውን ባለጉሊት «ይህ የማን ነው?» ይበሉ። «ሰሞኑን ሰው በሰው ነው፣ ሁሉም ሊገዛ ይመጣል» የሚል መልስ ከሰሙ በቂዎ ነው።

ቀብድ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ እጥፉን እንዲመልስ ሕጉ ይላል፤ ግን ይህ የሚጠቅመው ሰውየው ሲገኝ ነው። «ሌላ ገዢ ጠዋት ሊመጣ ነው» ቢሉዎትም ማጣራቱ ሳያልቅ አይክፈሉ፤ ሲከፍሉም በጥሬ ገንዘብ ለደላላ ሳይሆን በካርታው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው የባንክ ሒሳብ ያስገቡ።

5. ብሩ ከሄደ በኋላ

ለባንኩ ወይም ለ994 ወዲያው ደውለው የተላከበት ሒሳብ እንዲታገድ ያመልክቱ፤ ብሩ ወጪ ከመደረጉ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። በንዴት መልእክቱን አያጥፉ። የደዋዩን ቁጥር፣ የግብይት ቁጥሩን፣ የንግግሩን ስክሪንሹት ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ለብሎኩ ኮሚቴና ለሱቆቹም ይንገሩ፣ ያው ሰው ነገ እነሱ ጋ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት «የተወሰደብዎትን ብር እናስመልሳለን፣ ለማስፈጸሚያ ትንሽ ይላኩ» የሚል ሰው ሊደውልልዎት ይችላል። ቁጥርዎ ከተታለሉት ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ነው፤ ለዚህኛውም አይላኩ፣ ቁጥሩን ግን ጽፈው ለፖሊስ ይጨምሩት።