ለፕራንክ መልክ መቀየር፦ ከጺሙ በፊት ጫማውን

ካሜራ ደብቆ፣ መልክ ቀይሮ ሰው ማታለል የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ልብሱ ላይ ጊዜ አጥፉ። የካናዳዎቹን የድብቅ ካሜራ ትርኢት «ጀስት ፎር ላፍስ ጋግስ» አስተውሉ። ሞንትሪያል መንገድ ላይ ፖሊስ፣ መነኩሲት ወይም ሐኪም መስለው ይቆማሉ። ሰው እንዲህ ያለ ልብስ ሲያይ ብዙም አይጠይቅም፣ የተባለውን ያደርጋል። እኛ አገር ግን የፖሊስ ልብስ እንዳትነኩ፣ በወንጀል ያስጠይቃል። አስተናጋጅ ወይም ሊስትሮ መምሰል ይበቃል።

ብዙዎች ጺምና ዊግ ለጥፈው ጫማቸውንና እጃቸውን ይረሳሉ። ሽማግሌ ሆነህ ቆዳው ለስላሳ በሆነ የሃያ ዓመት እጅ ምርኩዝ ከያዝክ አለቀልህ። አረማመድህንም ቀይር፤ አንድ ጫማ ውስጥ ትንሽ ጠጠር ብትጨምር ሳታስበው ታነክሳለህ።

አንድ ተባባሪ ግድ ነው። መንገደኛ መስሎ አጠገብህ ይቆምና ውሸቱን ከልቡ ያመነ ይመስላል፣ ምክንያቱም ሰው ግራ ሲገባው የሚያየው የጎረቤቱን ፊት ነው። ውሸቱ ከትንሽ ይጀምር፣ ቀስ እያለ ይደግ።

ካሜራ ቢያንስ ሁለት። አንዱ ሁልጊዜ የሚታለለው ሰው ፊት ላይ ይሁን፣ ሳቁ ያለው እዚያ ነው። ከቆመ መኪና ውስጥ መቅረጽ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ማይኩን ከሸሚዝ ሥር አድርጉት።

ሰውየው መናደድ ወይም መፍራት ሲጀምር ወዲያው ካሜራውን አሳዩት። የቀን ሥራ ፈላጊን በውሸት ሥራ የሚያታልሉ ቪዲዮዎች በጣም ያሳዝኑኛል፣ እባካችሁ አትሥሩ። ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት የተታለለውን ሰው ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። እምቢ ካለ እዚያው ፊቱ አጥፉት።