ሳንባ የሯጭን ውጤት እየገደበ መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል

በልምምድ ልብ ይጠነክራል፣ የደም መጠን ይጨምራል፣ ጡንቻም ኦክስጅን የመጠቀም ዐቅሙ ያድጋል፤ ሳንባ ግን ከዓመታት ሩጫ በኋላም መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። ጀማሪ ሯጭ ቶሎ የሚደክመው ልቡና እግሩ ገና ስላልደረጁ እንጂ ሳንባው ስላነሰው አይደለም። በከፍተኛ ደረጃ የሠለጠነ አትሌት ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዕረፍት ላይ ባለ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን በሚቀበልባቸው የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል። የጠነከረ ልብ ደሙን በኃይል ሲገፋ ይህ ጊዜ ወደ ሩብ ሰከንድ ሊወርድ ስለሚችል፣ አንዳንዱ ሕዋስ ኦክስጅኑን ሳይሞላ ያልፋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጀሮም ዴምፕሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ እንኳ ከጤናማና በሚገባ ከሠለጠኑ ሯጮች የአንዳንዶቹ የደም ኦክስጅን በከባድ ሩጫ ወቅት በጉልህ እንደሚወርድ አሳይተዋል። በዚህ ላይ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ራሳቸው ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ሊወስዱ ይችላሉ፤ ያንን ያህል ከእግር ይቀራል ማለት ነው።

ይህ የተፈጥሮ ወሰን ስለሆነ ብዙ የሚደረግለት ነገር የለም። ሆኖም ከእርሱ ጋር የሚመሳሰልና የሚታከም ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም በከባድ ሩጫ ምክንያት የሚመጣ የአየር ቧንቧ መጥበብ ነው። በአሰልጣኝነት ዘመኔ ሁለቱን ባለመለየቴ አንድ ወጣት ሯጭ ሙሉ የውድድር ዓመት አጥቷል። ስለዚህ የመለያውን መንገድ በዝርዝር እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ አትሌቱን ትንፋሽ የሚያጥረው መቼ እንደሆነ ይጠይቁት። ሩጫውን ካቆመ በኋላ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ሳል ከያዘውና አየር ሲያስወጣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ የአየር ቧንቧ መጥበብ ይጠረጠራል። አየር ሲያስገባ ጉሮሮው አካባቢ ድምፅ የሚሰማው ሩጫው በከበደበት ሰዓት ከሆነና ባቆመ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ ችግሩ ከሳንባ ሳይሆን ከማንቁርት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህኛው ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ፣ የአየር ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት) አይረዳም። የደም ማነስና የብረት ማዕድን እጥረትም ይመርመር፤ ብዙ ጊዜ በትንፋሽ ማጠር ስም የሚመጣው እርሱ ነው።

ቀጥሎ መለኪያ ያስፈልጋል። በኮቪድ ዘመን በየቤቱ የገባው በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እጅ ሲወዛወዝ ይሳሳታል፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይም ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በአንድ ትንፋሽ የሚነፋው ርካሽ የፕላስቲክ መለኪያ ለዕለታዊ ክትትል ቢጠቅምም ውሳኔ አይጣልበትም። ትክክለኛው መሣሪያ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣውን አየር በሊትር የሚለካው ስፒሮሜትር ነው። ምርመራው የሳንባ ሐኪም ባለበት፣ ኢንሄለርና ኦክስጅን በተዘጋጀበት ቦታ ይደረግ። ዕረፍት ላይ ያለው ልኬት ገና ከመነሻው ዝቅተኛ ከሆነ አትሌቱ መሮጥ የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደው የአትሌቱ ዝግጅት ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ልጁን መጀመሪያ የወሰድኩት ዕረፍት ላይ ብቻ ወደሚለካ ክሊኒክ ነበር፤ ወረቀቱ «ጤናማ» ይላል። በዕረፍት ጊዜ የሚገኝ ጥሩ ውጤት ከሩጫ በኋላ ስለሚሆነው ምንም እንደማይናገር አላወቅሁም ነበርና፣ ስንፍና መስሎኝ ልምምዱን ጨመርኩበት። ሳሉ ሲብስ ሌላ ቦታ ወስጄ ከሩጫ በፊትና በኋላ አስለካሁት፤ አሁንም ምንም አልተገኘም። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጊዜው ነሐሴ ሲሆን ዝናብ ያረጠበው አየር ነበር፤ ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቷል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንደ ውድድር ቀን ግማሽ ሰዓት ከነፈጣን ሩጫው በሚገባ እንዲያሟሙቅ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ሦስቱም ስሕተቶች የሚያበላሹት አንድ ነገር ነው። ሯጭ በፍጥነት ሲተነፍስ ደረቅ አየር ከቧንቧው ሽፋን ላይ እርጥበት ይወስዳል። ሽፋኑ ሲደርቅ ሕዋሳቱ እንደ ሂስታሚን ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ይህ ሁሉ በደንብ አይጀምርም፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ ቧንቧውን በመጠኑ ያሰፋል። ከባድ ማሟሟቅ ያደረገ ሰው ምላሹን አስቀድሞ ስለሚያሳልፍ፣ በብዙዎች ዘንድ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቧንቧው ዳግመኛ በዚያ መጠን አይጠብም። ስለዚህ ምርመራው እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ ባለ ደረቅ ወቅት ወይም አየሩ ደረቅ በሆነ ክፍል ውስጥ ይሁን። አትሌቱ በዚያ ጠዋት ቡና አይጠጣ፤ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ከባድ እንቅስቃሴ አያድርግ፤ ኢንሄለር የሚጠቀም ከሆነም ምን ያህል ሰዓት ቀደም ብሎ ማቆም እንዳለበት ሐኪሙ ይንገረው። ያለ ማሟሟቅ በከባድ ሩጫ መጀመር ለአሰልጣኝ ዐይን የሚያስጨንቅ ቢሆንም በዚህ ቀን የሚፈለገው እርሱ ነው።

በዕለቱ መጀመሪያ ዕረፍት ላይ ይለካል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አፍንጫው ተይዞ፣ ሳንባው እስኪሞላ አየር ይሳብ፤ ከዚያም የመሣሪያውን አፍ በከንፈሩ አጥብቆ ይዞ በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ያስወጣ፣ ሳያቋርጥም ቢያንስ ለ6 ሰከንድ ይቀጥል። ሦስት ጊዜ ይደገም፤ የሁለቱ ምርጥ ልኬቶች ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ጨዋ ልጆች ሰው ፊት በኃይል መንፋት ያፍራሉና «ጨርሰው! ጨርሰው!» እያሉ ማበረታታት ያስፈልጋል። ከዚያ የልቡ ምት በ2 ወይም 3 ደቂቃ ውስጥ ከከፍተኛው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ተደርጎ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይሩጥ። ልክ ሲያቆም ሰዓት ይያዝና በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ ይለካ።

ከመነሻው 10 በመቶና ከዚያ በላይ መውረድ የቧንቧ መጥበብ ምልክት ነው። የእኔ ልጅ በሦስተኛው ምርመራ ከ4.60 ሊትር ተነሥቶ በ10ኛው ደቂቃ ወደ 3.95 ወረደ፤ 14 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያች ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ወረቀት የመሰለውን የመንፊያ ቱቦ በጣቶቹ መካከል እንደያዘ ያስል ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የወረደው 3.95 ራሱ ለዕድሜውና ለቁመቱ ከሚጠበቀው በታች አለመሆኑ ነው። አትሌትን ከሠንጠረዥ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው ይህንን አያየውም፤ መወዳደር ያለበት ከራሱ መነሻ ጋር ነው።

መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ነው። የአሰልጣኙ ድርሻ የፀረ-ዶፒንግ ሕጉን ማወቅ ነው፤ በኢንሄለር የሚወሰደው ቧንቧ አስፊ መድኃኒት ሳልቡታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 1600 ማይክሮግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ሳይበልጥ ይፈቀዳል፤ በክኒን ግን ክልክል ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ ከእያንዳንዱ ውድድር ዘመን በፊት ይታይ። ምርመራዬን ያበላሸው ጠንካራ ማሟሟቅም በውድድር ቀን መከላከያ ይሆናል፤ አሁን ልጁ ሆነ ብሎ አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን ይጨምርበታል። በብርዳማ ጠዋት አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ መጀመርም ይረዳል።

ይህ ችግር ሯጭን ከታላቅ ደረጃ አያግድም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም ስላለበት የቤጂንግን የአየር ብክለት ሠግቶ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ ኦሊምፒክ ማራቶን አልሮጠም፤ በ10,000 ሜትር 6ኛ ወጣ፤ በመስከረም ወር በርሊን ላይ በ2:03:59 የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

ሕክምናው ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራው በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ሰዓት፣ በተመሳሳይ አየር ይደገም፤ ሁሉም ቁጥሮች ከነቀናቸው በአትሌቱ ደብተር ይጻፉ። መውረዱ ቆሞ ትንፋሹ አሁንም የሚያጥር ከሆነ፣ እየሮጠ ማንቁርቱን በቀጭን ካሜራ የሚያይ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ይፈለግ።