ግራጫው ለምን አረንጓዴ ሆነ? ጥቁርና ነጭ ፎቶን ቤት ውስጥ የማተም ችግርና መፍትሄ

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ታትሞ አላምር ሲል ብዙ ሰው ሶፍትዌር ለመቀየር ይቸኩላል። ረጋ ማለት ይሻላል። ፎቶውን የሚያስተካክለው ፕሮግራምና ኢንኩን የሚመጥነው ፕሮግራም ለየቅል ናቸው። ፎቶሾፕ፣ ጊምፕና ዳርክቴብል የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራሉ። ሁለተኛው የፕሪንተሩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሥራ ነው፤ ወይም እሱን ተክቶ የሚገባ «ሪፕ» የሚባል ሶፍትዌር። የቱ እንዳጠፋ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው።

ምልክት፦ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች

ይሄ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም። ኢንክ የሚረጩት ቀዳዳዎች (ኖዝሎች) ተደፍነዋል። የኖዝል ፍተሻ ያትሙና የተቆራረጠ መስመር ካዩ ቀዳዳዎቹ ያሉበትን የፕሪንተሩን «ሄድ» ያጽዱ። ሌላ ምንም ከመሞከርዎ በፊት ይህን ያድርጉ። አንድ ግራጫ ኢንክ መውጣት ካቆመ ቀሪው ሙከራ ሁሉ ያሳስታል።

ምልክት፦ ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ፕሪንተሩ በተለመደው መንገድ ሲያትም ግራጫውን የሚሠራው በአብዛኛው ሲያን (ሰማያዊ መሰል)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ መሰል)ና ቢጫ ቀላቅሎ ነው። አንዱ ትንሽ ከበዛ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። መስኮት አጠገብ ግራጫ የነበረው ፎቶ አምፖል ሥር ሌላ መልክ ማምጣቱም ከዚሁ ነው።

መፍትሄው ብዙ ጊዜ እጅዎ ላይ አለ። አንዳንድ የኤፕሰን የፎቶ ፕሪንተሮች «አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት ፎቶ» የሚል አማራጭ አላቸው። ካነንም በፕሮ ሞዴሎቹ ላይ ተመሳሳይ አለው። እነዚህ አማራጮች ባለቀለሙን ኢንክ ቀንሰው በአብዛኛው በጥቁሩና በግራጫዎቹ ያትማሉ። ይህን ሲመርጡ ፎቶሾፕ ውስጥ ቀለሙን ፕሪንተሩ እንዲያስተዳድር ያድርጉ።

ያልረካ ሰው ኳድቶን ሪፕን ይሞክር። በዋናነት ለኤፕሰን የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ኢንክ ምን ያህል እንደሚረጭ ለየወረቀቱ ይወስናል፤ ሞቅ ያለውንና ቀዝቀዝ ያለውን ግራጫም ማደባለቅ ያስችላል። በእኔ እይታ ድራይቨሩ የማያውቀውን ወረቀት ለሚጠቀም ሰው ነው የሚያስፈልገው። ለሌላው ድራይቨሩ ይበቃል።

ፕሪንተርዎ አንድ ጥቁር ብቻ ካለውስ? በጥቁሩ ብቻ ማተም ይቻላል። ቀለም አያደላም፣ ግን ፈካ ያለው ቦታ ላይ ነጠብጣቡ ይታያል። ለዚህ ችግር ሶፍትዌር ብዙም አይረዳም።

ምልክት፦ በባለቀለም ሁነታ ሲታተም ጭልም ይልና ወደ ቀይ ያደላል

ፎቶሾፑም ድራይቨሩም ፕሮፋይል (ቀለሙን ለፕሪንተሩና ለወረቀቱ የሚያርም ፋይል) ጭነውበታል፤ ሁለት ጊዜ ታርሟል ማለት ነው። አንዱን ያጥፉ። ፎቶሾፕ ከያዘው ድራይቨሩ እጁን ይሰብስብ።

ምልክት፦ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይጨልማል

ሞኒተሩ ከልክ በላይ ደምቋል። ለኅትመት ሥራ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የድምቀት መለኪያ) በቂ ነው። ዝቅ ያድርጉትና ፎቶውን እንደገና ያስተካክሉ። በኤፕሰኑ አማራጭ ውስጥ ደግሞ ቶኑ «ዳርከር» ላይ ከሆነ ወደ «ኖርማል» ይለውጡት።

ምልክት፦ ጥቁሩ ጥቁር አይመስልም

የወረቀቱ ዓይነት በስህተት ተመርጦ ይሆናል። ለማት (ለማያብረቀርቅ) ወረቀት «ማት ብላክ»፣ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት «ፎቶ ብላክ» ነው ኢንኩ። ትክክል ሆኖም ማት ወረቀት የሚያብረቀርቀውን ያህል አይጠቁርም፤ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ሲመርጡ «ሶፍት ፕሩፍ» ያለውን ይምረጡ። ጥቁሩ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚመስል ቀድሞ ስክሪን ላይ ያሳያል። ፎቶሾፕ፣ ላይትሩም፣ ዳርክቴብልና ጊምፕ አላቸው።

ምልክት፦ ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ይሠራል

8 ቢት ምስል ያለው 256 የግራጫ ደረጃ ብቻ ነው። ኮንትራስቱን ሲጎትቱት መሀሉ ይሳሳል። ከጥሬው የካሜራ ፋይል ተነስተው በ16 ቢት ይሥሩ፤ በቲፍ እንጂ በጄፔግ አያስቀምጡ። ጊምፕ ይህን የሚችለው በ2018 ከወጣው 2.10 ጀምሮ ነው፤ ያረጀ ቅጂ ካለዎት ያድሱት። ደረጃ ደረጃ የሠራውን ጄፔግ በኋላ ወደ 16 ቢት መቀየር ግን የጠፋውን ደረጃ አይመልስም።