ዋሻ የለም! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀበር የሚሠሩ ስህተቶች

ምድርን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንዳይወጣ መሬት ውስጥ ይቀበራል ሲባል ብዙ ሰው ትልቅ ዋሻ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ጋዙ የሚገባው በአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶች መሃል ባለችው ጥቃቅን ክፍተት ነው፤ እሷም ባዶ አይደለችም፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቷታል። ያ ውሃ መሄጃ ካጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከበዛም አለቱ ይሰነጠቃል።

"ቦታው ሰፊ ነው፣ ይችለዋል" ብሎ ግፊቱን መርሳት ለእኔ ከሁሉም የባሰ ነው። ኖርዌዮች ሰሜን ባህር ላይ፣ ስላይፕነር በሚባል ቦታ፣ ከ1996 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲቀብሩ ግፊቱ ብዙም አላስቸገራቸውም። በ2008 ባሬንትስ ባህር ውስጥ ስኖቪት ላይ ሲጀምሩ ግን ግፊቱ ካሰቡት በላይ ፈጥኖ ወጣና በ2011 ያንን የአለት ንብርብር ትተው ጋዙን ወደ ሌላ አዞሩት። እንግዲህ ያን ያህል ልምድ ይዘው ነው! አንዱ ቦታ ስለሠራ ሌላውም ይሠራል ማለት አይቻልም።

አሮጌ ጉድጓድንም መናቅ አያዋጣም። አልጄሪያ በረሃ ውስጥ፣ ኢን ሳላህ ላይ፣ ከ2004 እስከ 2011 ድረስ 3.8 ሚሊዮን ቶን ያህል ተቀብሯል። መሬቱ በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር ከፍ እያለ መሆኑን ሳተላይት ደረሰበት፤ በላዩ ግመል የሚነዳ ሰው አያውቀውም። ጥቂት ጋዝ ሾልኮ ብቅ ያለው ደግሞ ሰው ራሱ ድሮ ለፍለጋ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ በኩል ነበር። ክዳን የሆነው አለት የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ በደንብ ያልተደፈነ አንድ ጉድጓድ ልፋቱን ገደል ይከተዋል።

ጥልቀት ላይ መቆጠብም አለ። ቢያንስ 800 ሜትር ገደማ ካልወረዱ ጋዙ በደንብ ስለማይታመቅ ቦታ ይፈጃል። ሳያደርቁ በተራ ብረት ቱቦ መላክም ያው ነው፤ ውሃ ሲነካው አሲድ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል።

አይስላንዶች ጋዙን ልክ እንደ አምቦ ውሃ በውሃ አሟሙተው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ያስገቡታል። የሙከራው ውጤት በ2016 ሲወጣ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ጋዝ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ድንጋይ ሆኗል ተባለ። ይሄን የሰማ ሁሉ "እኛስ አገር ጥቁር ድንጋይ ሞልቶ የለ?" ይላል። ሞልቷል። ግን ለ1 ቶን ጋዝ 25 ቶን ያህል ውሃ ይጠይቃል፤ እሱን ከየት እንደምናመጣ ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።